ጥፋቱ የተማሪው አይደለም፤ የፍላሹ ነው

ስለ ኮምፒውተር ትምህርት ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው አይጠፋም። አንደኛው «ልጆቻችን ኮድ ይማሩ እንጂ አገር በአንድ ሌሊት ይለወጣል» ባይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የዘንድሮ ተማሪ! አራት ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስ ተቀምጦ አንድ ፕሮግራም ማስነሳት አይችልም» እያለ ያላግጣል። እኛ ዛሬ ከሁለቱም ጋር ልንጣላ ነው የመጣነው። የምንለው አጭር ነው፤ ብዙ ተማሪ ፕሮግራሙ እምቢ የሚለው ኮዱን ስለተሳሳተ ሳይሆን ከሌላ ሰው የተዋሰው ላይብረሪ ስላልገጠመለት ነው። እንዴት እንደሚገጠም ደግሞ ትምህርቱ በወጉ አይነግረውም።

ነገሩን በአየር ላይ እንዳናወራው አንድ የቆቦ ልጅ እናስብ። ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባን ከመቐለ በሚያገናኘው አስፋልት ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። ልጃችን ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል እንበል። ለእረፍት ቤተሰቦቹ ጋር መጥቷል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ ነው፤ ዴቭ ሲፕላስፕላስ ተጭኖበታል። የቤት ሥራው በሲ ቋንቋ ክብና መስመር የሚስል ፕሮግራም መጻፍ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገውን ላይብረሪ ከጓደኛው በፍላሽ ገልብጧል። ጓደኛው ከሌላ ጓደኛው፣ ያም ከሲኒየር፣ ሲኒየሩ ደግሞ ከእግዜር።

ልጁ ሃያ መስመር ኮድ ጻፈ። «ራን» የሚለውን ተጫነ። ስክሪኑ በስህተት መልእክት ተሞላ።

አሁን ምን ያደርጋል? አብዛኛው ሰው የሚያደርገውን። የራሱን ኮድ መደለዝ ይጀምራል። ሴሚኮለን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። የተለዋዋጩን ስም ይቀይራል። ከጓደኛው ኮድ ጋር መስመር በመስመር ያነጻጽራል፤ አንድ ዓይነት ነው! ሌሊቱ ሲጋመስ «እኔ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርኩም» የሚል ድምዳሜ ላይ ይደርሳል። ጎበዝ፣ እዚህች ጋር ነው አገር የምትከስረው። ልጁ ያልሠራውን ጥፋት ተቀበለ።

ፍላሹ ውስጥ ያለው ማን ነው?

እስቲ ያንን ፎልደር እንክፈተው። «ግራፊክስ» የሚባለው ሄደር ፋይል የተወለደው ቦርላንድ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዶስ ኮምፒውተሮች ባዘጋጀው ቱርቦ ሲ ውስጥ ነው። ያ ዘመን አልፏል። ቱርቦ ሲፕላስፕላስ 3 ባለ 16 ቢት የዶስ ፕሮግራም ስለሆነ ዛሬ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ያለ ዶስቦክስ አይነሳም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከናካቴው ባለ 64 ቢት ብቻ ነው። የቦርላንዱ ግራፊክስ በዊንዶውስ ላይ እንዲሠራ በኋላ ሌሎች ሰዎች አስመስለው ሠሩት። ከእነሱ ውስጥ በጣም የተሰራጨው ዊንቢጂአይኤም ይባላል፤ በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ማይክል ሜን እጃቸው አለበት። ልጃችን በፍላሽ የያዘው ይህንኑ ነው።

ይህ ላይብረሪ አራት ወጥመድ አለው።

አንደኛ፣ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞረው ቅጂ ውስጥ በሄደር ፋይሉ 302ኛ መስመር ላይ «ራይት» የሚለው ስም ሁለት ጊዜ ተጽፏል። የመጀመሪያው «ቶፕ» መሆን ነበረበት። ኮምፓይለሩ ስህተቱን ሲያገኝ ይጮኻል። ተማሪው ግን 302ኛ መስመር የእሱ እንዳልሆነ አያስተውልም። የእሱ ፕሮግራም እኮ ሃያ መስመር ብቻ ነው!

ሁለተኛ፣ ላይብረሪው ራሱ የተጻፈው ለሲፕላስፕላስ ነው። ተማሪው ትምህርቱ ሲ ነው ተብሎ ፋይሉን በሲ ስም ካስቀመጠው ኮምፓይለሩ «ኤስስትሪም የሚባል ፋይል የለም» ይላል። ልጁ ኤስስትሪምን አያውቀውም፤ በሕይወቱ ጠርቶት አያውቅም። የጠራው ሄደር ፋይሉ ነው። መድኃኒቱም የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ሲፕላስፕላስ መቀየር ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ላይብረሪው ብቻውን አይቆምም። ሥዕሉን የሚስለው በዊንዶውስ የራሱ ላይብረሪዎች ትከሻ ላይ ቆሞ ነው። ስለዚህ ለሊንከሩ ቢጂአይ፣ ጂዲአይ32፣ ኮምዲኤልጂ32፣ ዩዩአይዲ፣ ኦሌኦት32 እና ኦሌ32 የሚሉ ስድስት ስሞች ሊሰጡት ይገባል። አንዱ ከጎደለ «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» የሚል ሰልፍ ይመጣል። ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። ይህ ሊንከር ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ እያነበበ ነው የሚሄደው። ፈላጊው መጀመሪያ፣ ተፈላጊው ቀጥሎ ካልተጻፈ ያለውን ነገር «የለም» ይላል።

አራተኛውና ዋነኛው፣ የሚዞረው ላይብረሪ ባለ 32 ቢት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ዴቭ ሲፕላስፕላስ 5.11 ደግሞ ሲጫን ራሱን ባለ 64 ቢት አድርጎ ነው የሚነሳው። ሁለቱ አይጋጠሙም። ሊንከሩ «የማይስማማ ስለሆነ ዘለልኩት» ይልና ወረድ ብሎ «ቢጂአይን ማግኘት አልቻልኩም» ይላል። ተማሪው ሁለተኛውን ብቻ ያነባል። ፋይሉ ግን ዓይኑ ፊት ተቀምጧል! ከላይ ካለው ዝርዝር ውስጥ ባለ 32 ቢቱን መምረጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

አራቱንም ቁጠሩና ንገሩን። የትኛው ነው የተማሪው ጥፋት?

ሦስት በሮች

እንግዲህ ቴክኒኩን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን እናቅልለው። አንድ የሲ ፕሮግራም ከጽሑፍነት ወደ ሥራ እስኪገባ ሦስት በሮች ያልፋል።

የመጀመሪያው በር ኮምፓይለር ነው። እዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ «የተናገርከው ሰዋስው አለው ወይ? የጠራኸውን ሰው ስም አውቀዋለሁ ወይ?» ነው። ሄደር ፋይል እዚህ በር ላይ የሚታይ የቃል ኪዳን ወረቀት ነው፤ «እንዲህ የሚባል ሥራ የሚሠራ አለ» ይላል እንጂ ሥራውን አይሠራም።

ሁለተኛው በር ሊንከር ነው። እዚህ ቃል ኪዳን አይበቃም፤ ሰውየው ራሱ መቅረብ አለበት። «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» ማለት በአማርኛ «ስሙን ሰምቻለሁ፣ ሰውየውን ግን አላየሁትም» ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ኮዱን መደለዝ በር ላይ ቆሞ የጎደለ እንግዳ እየተጠበቀ የጥሪ ወረቀቱን ደግሞ ደጋግሞ እንደ ማረም ነው።

ሦስተኛው በር ፕሮግራሙ ሲነሳ ነው። ዲኤልኤል የሚባሉት ፋይሎች እዚህ ይፈለጋሉ። ዊንዶውስ መጀመሪያ የሚፈልጋቸው ፕሮግራሙ ራሱ ባለበት ፎልደር ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወደ ሲስተም ፎልደሮች ይሄዳል። ፋይሉ ከሌለ «ፍሪግለት ዲኤልኤል ከኮምፒውተርህ ጠፍቷል» ይላል። ኖሮ ቢቱ ካልገጠመ ደግሞ መጨረሻው 7ቢ የሆነ ረጅም የቁጥር ኮድ ያወጣል፤ ይህንን ኮድ ያየ ሰው መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት 32 እና 64 መቀላቀላቸውን ነው። ማይክሮሶፍትም ነገሩን አላቀለለው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ «ሲስተም32» የሚባለው ፎልደር የያዘው ባለ 64 ቢት ፋይሎችን ነው፤ ባለ 32ቶቹ «ሲስዋው64» በሚባለው ውስጥ ናቸው። አላበድንም፣ እውነት ነው።

ማንኛውም ስህተት ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ልቀይር?» ሳይሆን «የትኛው በር ላይ ነኝ?» መሆን አለበት። ይህችን ጥያቄ የያዘ ተማሪ ግማሹን ሌሊት ይተርፋል። ሁለተኛው ደንብ ደግሞ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ስህተት አንብብ ነው። ከሱ በታች ያሉት አርባዎቹ ብዙውን ጊዜ ልጆቹ ናቸው።

የራያ ገበሬ ይህንን ያውቃል

የቆቦን ሜዳ የሚያውቅ ሰው አሁን የምንለው አይከብደውም። ሜዳው ዝናብ ይነፍገዋል። ማሽላና ጤፍ የሚደርሰው ከምዕራቡ ደጋ በሆርማትና በጎሊና በኩል የሚወርደው ጎርፍ ተጠልፎ ወደ ማሳ ሲገባ ነው። ገበሬው ውሃውን አልፈጠረውም፤ ከሌላ ሰው አገር የመጣ ውሃ ነው። የእሱ ጥበብ ያለው ቦዩ ላይ ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል ኃይል እንዳለው፣ የትኛው ቦይ እንደሚችለው፣ ከማን ማሳ ቀጥሎ የማን ተራ እንደሆነ ያውቃል። ማሳው ደርቆ ቢያገኘው ዘሩን አይሰድብም፤ ቦዩን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል።

ላይብረሪም እንዲሁ የሰው አገር ውሃ ነው። ሊንከር ቦዩ ነው። እኛ ግን ልጆቻችንን ስለ ዘር አራት ዓመት እያስተማርን ስለ ቦይ አንድ ክፍለ ጊዜ እንነፍጋቸዋለን። ከዚያ ሰብሉ ሲጠፋ «ዘሩ ሰነፍ ነው» እንላለን።

«ኢንተርኔት ላይ ይፈልግ» ለምትሉ

ይህ መልስ ከቦሌ ካፌ ሲሰጥ ይመቻል። ቆቦና ወልድያ ግን ያለፉትን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፉ እናስታውስ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ራያ ቆቦን አልፎ ወልድያ ገባ፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፎ ንብረቱ ወደመ። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ቆቦ እንደገና የጦር ሜዳ ሆነች። ከዚያ የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈረመ ስንል፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው በኢንተርኔት የሚሰጥ ሥልጠና ይፋ የሆነው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ «ኮድ ተማሩ» ስትል የክልሉ ልጅ ያንን ዓመት በአብዛኛው ያለ ዳታ ነበር ያሳለፈው። ምጸቱን ለእናንተ እንተወዋለን።

ኢንተርኔት ቢኖርስ? «ዲኤልኤል ጠፍቷል» ብሎ የፈለገ ልጅ መጀመሪያ የሚያገኘው ዲኤልኤል በነጻ እናወርዳለን የሚሉ ገጾችን ነው። ከእነሱ የሚወርደው ፋይል የማን እንደሆነ፣ ስንት ቢት እንደሆነ፣ ውስጡ ምን እንደተሸጎጠበት አይታወቅም። የጠፋው ፋይል የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲፕላስፕላስ ከሆነ ትክክለኛው መንገድ ነጠላ ፋይል መልቀም ሳይሆን የማይክሮሶፍትን ሙሉ ጥቅል መጫን ነው። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስን መጠየቅም ያው ነው። ፍላሻችሁ ውስጥ ያለው የትኛው ቅጂ እንደሆነ ካልነገራችሁት እሱም ይገምታል። ለመንገር ደግሞ እናንተ ማወቅ አለባችሁ።

ደስ የሚለው፣ ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ ያለ ኢንተርኔት በእጃችን ነው። ዴቭ ሲፕላስፕላስ ይዞት በሚመጣው የኮምፓይለር ፎልደር ውስጥ «ኤንኤም» እና «ኦብጅደምፕ» የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ። አንደኛው ላይብረሪው ውስጥ የትኞቹ ስሞች እንዳሉ ይዘረዝራል። ሁለተኛው ፋይሉ 32 ይሁን 64 ቢት፣ ሲነሳስ የትኞቹን ዲኤልኤሎች እንደሚፈልግ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጠው ማንም አይከፍታቸውም።

«ለምን ፓይተን አይማሩም?»

ይህ ተቃውሞ ይመጣል፤ እናውቀዋለን። «ሲ የአያቶቻችን ነው፤ ፓይተን ተምረው አይገላገሉም?» ተብሏል። ይማሩ፣ ማን ከለከለ። ግን ፓይተን ላይ ለስሌትና ለሥዕል የሚሠራባቸው ትላልቅ ላይብረሪዎች ውስጣቸው ሲ እና ሲፕላስፕላስ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሲበላሹ የሚወጣው መልእክት «ዲኤልኤሉን መጫን አልተቻለም» ነው። በሽታው ልብሱን ቀይሮ መጣ እንጂ አልዳነም። «ሊኑክስ ይጫኑ» የሚለውም መልካም ምክር ነው። ነገር ግን ቤተሰብ ተቸግሮ የገዛው አንድ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ሆኖ እያለ ችግሩን መሸሽ እንጂ መፍታት አይሆንም።

ደግሞም ሲ ለእኛ ባዳ አይደለም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዳንኤል ያዕቆብ ሊብኤት የተባለ፣ በሲ የተጻፈ የግዕዝ ፊደል ላይብረሪ ሠርተዋል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ይህ የሆነው የሰውን ላይብረሪ ገልብጠው በመጠቀም ብቻ ያልቆሙ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ዛሬ ዊንቢጂአይኤም ላይ በተለመደው መንገድ አማርኛ ጻፉበት፤ የተዝረከረከ ምልክት ነው የምታዩት። ይህንን አስተካክሎ ለቀጣዩ ተማሪ የሚያስረክብ ልጅ ከየት ይመጣል? ሊንከር ፊት ቆሞ «እኔ አልተፈጠርኩም» ብሎ ከተመለሰው መካከል ሊሆን ይችል ነበር።

ምን ይደረግ?

እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የተነገረን ነገር «ምንጩ ማን ነው?» ብለን እንድንጠይቅ ነው። ምንጭ የሌለው ዜና አይታተምም። ፍላሽ ላይ የሚዞረው ፋይል ግን ያለ ምንጭ፣ ያለ ቀን፣ ያለ ስም ትውልድ እያለፈ ይታተማል። ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ ነገር ነው።

ለመምህራን፦ ሊንኪንግን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ትምህርት አስተምሩት። ሆን ተብሎ የተሰበረ ፕሮጀክት ስጡና «የትኛው በር ላይ ነው የቆመው? ለምን?» ብላችሁ ፈትኑ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ምርጫ ላይ ደግሞ ዲኤልኤል አይጠፋም። ስለዚህ ይህንን ክህሎት የሚለካ ሰው ቢኖር ላብ ውስጥ የቆመው መምህር ብቻ ነው።

ለዩኒቨርሲቲዎች፦ እያንዳንዱ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት አንድ የታወቀ መደርደሪያ ይኑረው። ኮምፓይለሩ፣ ላይብረሪው፣ የተሞከረ ናሙና ፕሮግራም፣ አብረው ተፈትሸው ይቀመጡበት። ዩኒቨርሲቲዎቻችንን የሚያገናኘው ኢተርኔት የተባለው የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ አለ፤ አንዱ ያዘጋጀውን ሌላው ቢወስድ የሚከለክል ነገር አይታየንም። መስመሩ በተቆረጠ ቀን መደርደሪያው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ለተማሪዎች፦ ፍላሽ ስትሰጡ ባዶ አትስጡ። አንድ የጽሑፍ ፋይል ጨምሩበት፣ በአማርኛ። ስድስት መስመር ይበቃል፤ ላይብረሪው ምን ይባላል፣ ከየት መጣ፣ መቼ ተወሰደ፣ 32 ነው 64 ቢት፣ በየትኛው ኮምፓይለር ተሞከረ፣ ለሊንከሩ የሚሰጡት ስሞች በቅደም ተከተል የትኞቹ ናቸው። 302ኛውን መስመር ያረማችሁ እንደሆነም «አርሜዋለሁ» ብላችሁ ጻፉ። ቀጣዩ ልጅ አንድ ሌሊት ይተኛል።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። በአንድ ላፕቶፕ ሲታይ ትንሽ ነው። ግን በየዓመቱ ስንት ልጅ ራሱን ሰነፍ ብሎ ሰይሞ ከዚህ ሙያ እንደሚወጣ አስቡት። ከቆቦ፣ ከሮቢት፣ ከጎብዬ፣ ከአላማጣ የሚመጣው ልጅ ላይ ጦርነቱም፣ የተቆረጠው መስመርም፣ የተዘረፈው ላብም ተደምረውበታል። በዚያ ላይ የማያውቀው ሰው በ302ኛው መስመር የሠራውን ስህተት ልናሸክመው አይገባም። የራሱን ስህተት ብቻ ይሸከም፤ እሱን ደግሞ ያርመዋል።

ቸር ይግጠመን።